እሺ ብላ የቀረችበት ሐሙስ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። የጋሽ አብዱልወሃብ ልጅ ሳሚያ ታይላንድ ልትሄድ ነው የተባለ ዕለት፣ እሷ ገና ሻንጣ ሳትገዛ ግማሹ ከተማ ሸኝቶ ጨርሷት ነበር። "ታይዋን ነው ታይላንድ?" ይላል አንዱ። "ያው ነው፣ ሁለቱም ሩዝ በላተኛ ናቸው" ይላል ሌላው፣ ደርሶ እንደመጣ ሰው። "ለመሆኑ ሰው ያን ያህል አገር አቋርጦ የሚማረው ምንድን ነው?" ብሎ ለጠየቀ ግን መልሱ አንድ ነበር፤ ማሾ።

አትሳቁ። ማሾ፣ ያቺ ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ለቀወት ቆላ ገበሬ የቤት ቆርቆሮ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። ሳሚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እርሻ ከማጥናቷ በፊት ያስተማራት የአባቷ ማሳ ነው። በጦርነቱ ሰሞን ቤተሰቡ ዳገቱን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ሲሸሽ፣ እናቷ እትዬ ዘይቱና የጆሮ ወርቃቸውን ረስተው የማሾ ዘር በሻሻቸው ቋጥረው ነው የወጡት። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ዘሩ ግን በቀለ። ሳሚያ ያን ዓመት ያየችውን አልረሳችም። የማሾን ተባይና በሽታ አጠናለሁ ብላ የነፃ ትምህርት ዕድል ስታመለክት ሦስት ቦታ ከለከሏት፣ አራተኛው ታይላንድ ሆነ።

አባቷ በልጅነታቸው ደረሳ ነበሩ፤ ከሸህ እግር ሥር ቁጭ ብለው ኪታብ የቀሩ ሰው ናቸው። የቤተ ጣዖት አገር ነው ሲሏቸው ጥቂት ቀን አሰቡበት። ከዚያ አንድ ማለዳ የሽንኩርት መደባቸውን ውሃ እያጠጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ሂጂ፤ ሶላትሽን ጠብቂ፣ አደብሽን ጠብቂ። የቀረውን አላህ ያውቃል" አሏት። በቃ፣ ይኸው ነበር ስንብቱ።

ታይላንድ የደረሰችበት ወር ሙቀቱ አልገረማትም። ሸዋ ሮቢትን ለቻለ ሰው የማን ሙቀት ያስፈራዋል! ማንጎውም አልገረማትም። ያስደነገጣት ቋንቋው ነው። የማስተርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለውጭ ተማሪዎች ደግሞ የታይ ቋንቋና ባህል የሚባል ክፍል አለ። አብዛኛው ተማሪ "ሳዋዲ ካ" ብሎ ሰላምታ መስጠት ከቻለ፣ ሩዝ ማዘዝ ከቻለ፣ ይበቃኛል ብሎ ይወጣል። ሳሚያ ግን መውጣት አልቻለችም። ለጥናቷ ገጠር ወርዳ ማሾ የሚዘሩ ሴቶችን ማነጋገር ነበረባት። መጀመሪያ ቀን አስተርጓሚ ይዛ ሄደች። አንዲት ገበሬ እጇን እያወናጨፈች፣ ቅጠል እየገለበጠች፣ አንዴ እየሳቀች አንዴ እየተቆጣች ስታወራ ስታወራ ቆየች። አስተርጓሚው ዞር ብሎ "ተባይ አለ ትላለች" አላት። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ንግግር የት ገባ? ሳሚያ የዚያን ዕለት በአውቶቡስ ስትመለስ፣ ቋንቋውን ካልያዝኩ ማሾውንም አልያዝኩም ብላ ቆረጠች።

የቋንቋው መምህርት አጃን ዊላይ ይባላሉ። አጃን ማለት በነሱ አገር መምህር ማለት ነው፤ ስምን ያለ አጃን መጥራት ነውር ነው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ቁመታቸው አጭር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ክፍላቸው የሚገባው ጫማ በር ላይ ተወልቆ ነው፤ መስጊድ እንደመግባት ስለሆነ ሳሚያ በዚህ ደስ አላት። በማረም ግን ጨካኝ ናቸው። የታይ ቋንቋ ድምፅ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጎብጣል፤ አጃን ዊላይ ተማሪው ሲስት በሌባ ጣታቸው አየር ላይ መስመር እየሳሉ እስኪቃና ድረስ አይለቁትም። ከጋና የመጣው ተማሪ "እኚህ ሴትዮ በሕልሜም እያረሙኝ ነው" ይል ነበር።

ሳሚያ ግን የሚያርማትን ሰው ትወዳለች። የአባቷ ልጅ ናት። የመውሊድ ሰሞን መንዙማ እየሰማች ያደገች ጆሮ ስለነበራት፣ ቃሉን ከመያዟ በፊት ዜማውን ትይዘዋለች። ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች፣ ደረጃ ስትወጣ ታንጎራጉረዋለች። ሲሳካላት አጃን ዊላይ አያመሰግኑም፤ ጣታቸውን አውርደው ወደሚቀጥለው ተማሪ ያልፋሉ። እሷ ያችን የወረደች ጣት ከሽልማት ትቆጥራት ነበር።

አንድ አመል ግን አስቸገራት። እኛ አገር ሰው ሲያወራን "አዎ" ለማለት ትንፋሽ ሽቅብ ስበን "እህ!" እንላለን አይደል? አጃን ዊላይ የመጀመሪያ ቀን "ገባሽ?" ሲሏት ሳሚያ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ሳበች። ሴትዮዋ ክው አሉ። "ምን ነካሽ? አመመሽ? ውሃ አምጡላት!" ውሃ መጣ። ሳሚያ እያፈረች ጠጣች። መጨረሻ ላይ ምስጢሩ ሲነገራቸው አጃን ዊላይ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ፣ ጋናዊውን ጨምሮ፣ እንደ ሸዋ ሰው ትንፋሽ እየሳበ "አዎ" ማለት ጀመረ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ የባህል ቀን ነው፤ የሙዝ ቅጠል አጥፈው ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ይሠራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሳሚያ ስፌት የለመደ እጅ ስላላት ጀልባዋ ከሁሉም አማረ፤ ወንዙ ላይ ሲለቀቅ ግን "ይኼ የእምነት ነገር አለበት" ብላ ለጎረቤቷ ሰጥታ ዳር ቆመች፤ ማንም ቅር አላለውም። ማሾ በኮኮናት ወተትና በስኳር ተቀቅሎ ሲቀርብላት ደግሞ ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከች። እትዬ ዘይቱና በድምፅ መለሱላት፦ "ያረቢ! እኛ ለነጋዴ የምንሸጠውን እነሱ በስኳር ይበሉታል? ይበሉት፣ ዋጋው ይጨምርልናል!"

አንድ ቀን አጃን ዊላይ "ክሬንግ ጃይ" የሚል ቃል ጻፉ። ሰውን ላለማስቸገር፣ ላለማስቀየም ሲባል የራስን ነገር ዋጥ ማድረግ ማለት ነው ብለው ሊያስረዱ ደከሙ። ተማሪው ሁሉ ግራ ገባው። "ካልፈለግህ አልፈልግም አትልም እንዴ?" አለ ጋናዊው። ሳሚያ ብቻ ሳቀች። ይሉኝታ! ይኼንንማ ማን ያስረዳኛል፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው አለች በልቧ። አጃን ዊላይ ዓይኗን አይተው "አንቺ ገባሽ" አሏት። ገብቷት ነበር። ቃሉ ሲገባን ደግሞ መድኃኒቱም የገባን ይመስለናል፤ መድኃኒቱ ግን አልገባትም ነበር።

አዲስ የትምህርት ዘመን ሲከፈት "ዋይ ክሩ" የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ተማሪ መምህሩን የሚያከብርበት ነው፤ ሐሙስ ቀን ይደረጋል። አጃን ዊላይ የውጭ ተማሪዎችን ወክላ የአበባውን ሰሃን የምታቀርበው ሳሚያ ናት አሉ። በጡረታቸው ዋዜማ የመጨረሻው ዋይ ክሩ ነው። ሳሚያ ደስታዋ ወሰን አጣ። የሰሃኑን አበባ እሷው አሰናዳች፦ እውቀት እንደሱ ቶሎ እንዲስፋፋ ሰርዶ፣ አእምሮ እንዲስል ሹል ቡቃያ ያላት ቀይ አበባ፣ ትሕትናን እንዲያስተምር አንገቱን የሚደፋ የእምቧይ ዘመድ አበባ። ሰርዶውን ስታይ ከሮቢ ወንዝ ዳር የነቀለችው እስኪመስላት ናፍቆት ያዛት።

ማክሰኞ ልምምድ ሆነ። አንዲት የአገሩ ተማሪ እንዴት እንደሚደረግ አሳየቻቸው። በጉልበቷ እየዳኸች እስከ መምህሩ ወንበር ድረስ ሄደች፣ ሰሃኑን ሰጠች፣ ከዚያም ሁለት መዳፏን መሬት ላይ አድርጋ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች። ሳሚያ ደነገጠች። ይኼ ሱጁድ ነው። ይኼ የአላህ ብቻ ነው። አጃን ዊላይ ፈገግ ብለው "ትችያለሽ አይደል?" አሏት።

አልችልም ማለት ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሴትዮዋን ዓይን አየች፤ የመጨረሻው ዓመታቸው ነው፣ ከሁሉ እሷን መርጠዋል፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። እንዴት ፊት ለፊት እምቢ ይባላል? ትንፋሿን ሽቅብ ሳበች። "እህ!" አለች። እሺ ማለት ነው። እኛ ዘንድ እሺ የሚለው ቃል ስንት ጊዜ "አልመጣም" ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሠርግ ጠርተነው እሺ ብሎ የቀረብንን ሁሉ ይቁጠረው።

ሐሙስ ጠዋት ሳሚያ "ሆዴን አሞኛል" የሚል መልእክት ላከችና ስልኳን አጠፋች። ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ ግን አስጨነቃት፤ ወጥታ ከግቢው ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር ስትዞር ዋለች። ስትመለስ የበሯ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውስጡ ገና ለብ ያለ የሩዝ ሾርባ፣ ከሙስሊሞቹ ምግብ ቤት የተገዛ። የጎረቤት ክፍል ልጅ ብቅ አለች። "መምህርትሽ ነበሩ። ከሥርዓቱ እንደወጡ ነው የመጡት፤ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም። አንኳኩ አንኳኩ፣ እኔ ደግሞ ወጥታለች አልኳቸው። ምነው፣ ጥፋት ሠራሁ?"

ሳሚያ ሾርባውን ታቅፋ በሩ ላይ ተቀመጠች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ክፍል ገባች። አጃን ዊላይ ፈገግ አሉላት። "ተሻለሽ?" አሏት፤ "ተሻለኝ" አለች። እሳቸው ለምን ዋሸሽኝ አላሉም፤ እሷ ይቅርታ አላለችም። ሁለት ይሉኝታ ያጠቃቸው ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈገግ ይባባላሉ። ከዚያ ሳሚያ ለማንበብ ተነሳች፣ ድምፁን ሳተችው፤ ራሷ ሰማችው። ጣቲቱን ጠበቀች። ጣቲቱ አልተነሳችም። "ጥሩ ነው" ብለው አለፉ። ጥሩ ነው! በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ስትስት "ጥሩ ነው"፣ ሳትስት "ጥሩ ነው"። ጋናዊውን ግን እንደ ጥንቱ ያላቡታል። መምህር ማረም የተወው ተማሪ እኮ ከክፍል የተባረረ ነው፤ ወንበሩ ብቻ ቀርቶለታል። ገጠር ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ማውራት ስትሞክርም ምላሷ ተሳሰረ። ማን ያርማታል? ቋንቋው ከእጇ ሲወጣ ታየት፤ ሴትዮዋም አብረው።

አንድ ዓርብ አባቷ ደወሉ። ከጁምዓ በኋላ፣ የሽንኩርት ለቀማ ላይ ሆነው። ድምፅዋን እንደሰሙ "ምን ሆነሻል?" አሉ። አባት አይደሉ! ሳሚያ ነገሩን ዘረገፈችው። ስትናገር በልቧ አንድ ነገር እየጠበቀች ነበር፦ "አበጀሽ፣ ዲንሽን ጠበቅሽ" እንዲሏት።

ጋሽ አብዱልወሃብ እስከ መጨረሻው ሰሟት። "ሱጁዱን አለማድረግሽ ደግ" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። ታዲያ መምህርሽን በምን አከበርሻቸው?"

"ማለት አባ?"

"እኔ ለሸሄ ሰግጄላቸው አላውቅም፤ ቢያዩኝ በከዘራ ነበር የሚሉኝ። ግን ውሃቸውን እቀዳ ነበር፣ እጃቸውን እስም ነበር፣ ጫማቸውን አዙሬ አስቀምጥ ነበር። አንቺስ ምን አደረግሽ?"

"ሆዴን... አመመኝ ብዬ..."

"ዋሸሽ!" አሉ አባቷ፤ ሽንኩርት ለቃሚዎቹ ቀና እስኪሉ ድረስ። "ግንባርሽን ጠብቀሽ ምላስሽን አረከስሽው። አሮጊት ሴት ሾርባ ተሸክማ በርሽ ላይ ቆማ፣ አንቺ ኩሬ ትዞሪያለሽ? ይኼ ነው እንዴ የቆላ ሰው አደብ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። በራሳቸው ቋንቋ ንገሪያቸው። ያን ጊዜ መማርሽን አምናለሁ።" ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ስትታረቁ ደውይልኝ።"

ሰኞ ከክፍል በኋላ ሳሚያ አልወጣችም። አጃን ዊላይ መጻሕፍታቸውን ሲሰበስቡ ፊታቸው ቆመች። ያጠናችው ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። "አጃን፣ ያን ቀን አላመመኝም ነበር" ብላ ጀመረች በታይኛ። "ዋሽቻለሁ። ግንባሬን መሬት የማደርገው ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ ለአባቴም አላደርገውም። ይኼን ልነግርዎ ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ ፊት እምቢ ልልዎ አፈርኩ። እርስዎን ላለማስቀየም ብዬ፣ ከምንም በላይ አስቀየምኩዎ። የሾርባው ነገር ደግሞ..." እዚህ ላይ አለቀሰች። ድምጿ ሄደ፣ ዜማውም ሄደ፤ የሚወጣው ሲወርድ፣ የሚወርደው ሲወጣ፣ ቃላቱ ተደባለቁ።

አጃን ዊላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ርሷል። ቀኝ እጃቸው ግን ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሌባ ጣታቸው አየር ላይ አንድ መስመር ሳለች፣ ከታች ወደ ላይ። "እንደገና" አሉ።

ሳሚያ እያለቀሰች ደገመችው። ጣቲቱ እንደገና ሳለች። እንደገና ደገመችው። የሾርባውን ይቅርታ አምስት ጊዜ ነው ያስጠየቋት፤ ሲቃና ነው ጣታቸውን ያወረዱት።

"እኔ" አሉ አጃን ዊላይ ከዚያ በኋላ፣ ወንበር ስበውላት፣ "ስንት ዘመን ሙሉ ከደቡብ የሚመጡ ሙስሊም ልጆች አስተምሬአለሁ። እነሱ ተቀምጠው እጃቸውን ብቻ ያጋጥማሉ፤ ማንም አይከፋውም። ብትጠይቂኝ ኖሮ አንድ ቃል ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ክሬንግ ጃይ" አለች ሳሚያ።

"እኔ ደግሞ አፍራብኛለች፣ ለእኔ ለአሮጊቷ አበባ ይዛ መታየት አልፈለገችም ብዬ ከረምኩ። እንዳልጠይቅሽ..." ቆም አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ክሬንግ ጃይ።" ሁለቱም ተያዩና ሳቁ፤ በሳቅ ያለቀሱት ይሁን በልቅሶ የሳቁት አልታወቀም።

ሳሚያ ተነሥታ የአጃን ዊላይን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው፣ አባቷ የሸሃቸውን እጅ ይስሙ እንደነበረው። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ እጃቸውን ግን አልነጠቁም። ከዚያ ስልኳን አወጣች። "አባቴ ስንታረቅ ደውይ ብሎኛል" አለች።

ሸዋ ሮቢት ረፋድ ነበር። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ማንጎ ዛፍ ታየ፣ ቀጥሎ የሽንኩርት ክምር፣ ቀጥሎ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር የያዙት ጋሽ አብዱልወሃብ። ከበስተኋላቸው እትዬ ዘይቱናና ሽንኩርት ለቃሚዎቹ ተደራርበው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። "እኚህ ናቸው?" አሉ። "አሰላሙ አለይኩም በያቸው። ልጄን ስላረሙልኝ አላህ ይስጥልኝ በያቸው። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ ጉልበትዎን አያድክመው፣ ዓይንዎን አያፍዝዘው፣ ያስተማሩት አይጥፋብዎ በያቸው።"

ሳሚያ አንድ በአንድ ወደ ታይኛ መለሰችው። ምርቃት መተርጎም ማንም አላስተማራትም ነበር፤ ቃሉ ከየት እንደመጣላት እሷም አታውቅም። አጃን ዊላይ ጀርባቸውን አቅንተው ሰሙ። ሲያልቅ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው ለስክሪኑ እጅ ነሡ፤ ከዚያ ወደ ሳሚያ ዞሩና እሳቸውም በተራቸው፣ በአገራቸው ወግ፣ ሽማግሌ ልጅን እንደሚመርቅ፣ ቀስ ብለው፣ ረጅም አድርገው መረቋት። ጤናዋን፣ መንገዷን፣ ትምህርቷን፣ የአባቷን ማሳ፣ የእናቷን ዘር። አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። ለእያንዳንዱ "አሚን" አለች።

ማንጎው ሥር ያሉት ምን እንደተባለ አላወቁም። የዜማው አወራረድ ግን ገባቸው፤ ሁለተኛው ላይ እትዬ ዘይቱና መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሦስተኛው ላይ ሽንኩርት ለቃሚው በሙሉ አፈር የጠጣ እጁን ዘርግቶ "አሚን!" እያለ ይቀበል ጀመር።

ሲያበቃ ጋሽ አብዱልወሃብ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። "ምን ነበር ያሉት?" ብለው ጠየቁ።

ሳሚያ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት፤ እንደገና ሞከረች፤ አልሆነላትም።

"ተይው ልጄ" አሉ አባቷ። "እኛ አሚን ብለናል።"